ከቱቦው የመዘዝኩት ሲባጎ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እትዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ያ የገዛሽው ቅባት ተሻለሽ ወይስ ዝም ብሎ ይሸታል? ልጅሽ ደህና ነው? ሚስቱስ፣ የመውለጃዋ ወር ደረሰ? የጓዳው ጣራ ያፈስሳል ብለሽኝ ነበር፣ አስጠገንሽው ወይስ አሁንም ባልዲ እየደቀንሽ ነው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እሄዳለሁ። ስለ እኔ አትስጊ ልልሽ ነበር፤ ግን ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ የሚመጣብሽ ስጋት ሳይሆን ቁጣ ይመስለኛል።

እባክሽ መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ልጅሽ እንዲያነብልሽ አትስጪው። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፣ እጄ ከእስክሪብቶ ይልቅ መወልወያ ነው የለመደው። ይህን ያህል ለመጻፍ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። እኔ ቀስ ብዬ እንደጻፍኩት አንቺም ቀስ ብለሽ አንብቢው።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ደጋግሜ ደወልኩልሽ። ድምፅሽን ስሰማ ግን ስለ ጉልበትሽ ጠይቄ፣ ስለ ዝናቡ አውርተን፣ ዘጋሁት። አንድ ቀንማ "ምነው ዝም አልሽ?" ስትዪኝ "መስመሩ እየተቆራረጠ ነው" አልኩሽ። መስመሩ ደህና ነበር።

ይህን እንድጽፍ ያስነሳኝ ባለፈው የላክሽልኝ መልእክት ነው። "አንቺስ ታድለሻል" ብለሽ ነበር የላክሽልኝ። "ከልጅሽ ጋር የመጨረሻ ወሩን አንድ ጣራ ሥር ሠራችሁ፤ ዓይኑን እያየሽ ዋልሽ። ይህን ያላገኘች ስንት እናት አለች።" ልታጽናኚኝ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን አንብቤ ስጨርስ ስልኩን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እንደ ሌባ ነገር ተሰማኝ። የእኔ ያልሆነውን ይዤ የተገኘሁ መሰለኝ።

አዎ እትዬ፣ በየቀኑ አየሁት። ግን ልጄ ነው አላልኩም።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። የምሠራበት ቢሮ ድሮ ትንንሽ ክፍል ነበር። ኋላ ሥራ አስኪያጁ "ሁሉም ሰው ይተያይ" ብሎ ግድግዳውን አስፈረሰና አንድ ሰፊ አዳራሽ አደረገው። ጠረጴዛው ሁሉ በረድፍ በረድፍ መሃል ላይ ተደረደረ። ሶኬቱ ግን ከዳር ግድግዳው አልተነሳማ! ስለዚህ ከግድግዳ እስከ ጠረጴዛ ወለሉ ሁሉ በዲቫይደርና በሽቦ ተሞላ። በፕላስተር ለጥፈውታል፤ እኔ ስወለውል ፕላስተሩ ይነሳል፤ አንዱ ከወንበሩ ሲነሳ የጎረቤቱ ኮምፒውተር ድርግም ይላል። ስንት ሰው ተደናቅፎ ወደቀ። እኛ ስንወድቅ ሥራ አስኪያጁ "ተጠንቀቁ እንጂ" ይለን ነበር። አንድ ቀን ራሱ ከነብርጭቆው ተዘረረ። በሳምንቱ መብራቱንም ኢንተርኔቱንም ወለሉ ውስጥ ቀብረው እያንዳንዱ ጠረጴዛ ድረስ የሚያደርሱ ሰዎች አስመጣ።

ከዚያ በፊት ግን እኔ ውሸት ዋሽቼ ነበር።

እዚያ አንዲት ሒሳብ ሹም አለች። ደግ ሰው ናት፣ ወሬ ግን አትጠግብም። ሻይዋን ባስቀመጥኩላት ቁጥር ስለ ልጆቿ ታወራኛለች። ትልቋ ሐኪም ናት፣ ታናሿ በሕግ ልትመረቅ ነው። እሷ ታወራለች፣ እኔም ትሪዬን ይዤ ቆሜ "ጎሽ፣ ያሳድግልሽ" እላለሁ። አንድ ቀን "የእርስዎስ ልጅ እማማ፣ ምን ይሠራል?" አለችኝ። አፌ ራሱ መለሰ። "ኢንጂነር ነው" አልኳት። "የኤሌክትሪክ ኢንጂነር።"

ውሸት እንዲህ እንደሚያስቸግር አላውቅም ነበር። አንዴ ከነገርሻት በኋላ በየቀኑ ትጠይቅሻለች። "ኢንጂነሩ እንዴት ነው?" ትለኛለች፤ እኔም የምመልሰው ነገር ያስፈልገኛል። የሚሽከረከር ወንበር ሰጠሁት። አለቃ አደረግሁት። ሹፌር ያለው መኪና መደብኩለት። መኪናው ላይ ስደርስ ራሴም ደነገጥኩ፣ ግን ወጥቶ ነበር።

እውነቱን አንቺ ታውቂዋለሽ። ፈተናውን ወደቀ፣ ሽቦ መዘርጋትን ከሰው ሥር ሆኖ በእጁ ተማረ፣ በዚያችው ሥራው አኖረኝ። አሁን ቁጭ ብዬ ስጽፈው ምን የሚያሳፍር ነገር እንዳለበት አይታየኝም። ያኔ ምን ታይቶኝ እንደነበር እንኳ ላስታውስ አልቻልኩም።

ሠራተኞቹ የመጡ ዕለት ጠዋት ሻይ ይዤ ወደ አዳራሹ ገባሁ። ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሰዎች እዚህም እዚያም ተንበርክከዋል። ከሒሳብ ሹሟ ጠረጴዛ ሥር አንዱ ገብቷል፣ ከውጭ የሚታየው ከጉልበቱ በታች ብቻ ነው። ጉልበቱ ላይ ስፖንጅ ተሰፍቶበታል። ስፖንጁን የሰፋሁት እኔ ነበርኩ፣ ገና ያለፈው ማታ፣ "ወለል ላይ መዋል ጉልበቴን አሳመመኝ" ብሎኝ። የት እንደሚሠራ አልነገረኝም ነበር። ለካ አውቆ ነው፤ ሊያስደንቀኝ ፈልጎ ነው።

ተንሸራትቶ ወጣ። ሽፋሽፍቱ ሁሉ አቧራ ለብሷል። ሲያየኝ ጥርሱ በራ፤ "እማ" ሊል ከንፈሩ ሲገጥም አየሁት። ሒሳብ ሹሟ ከጎኔ ቆማለች። እኔ ቀደምኩት። "ወንድሜ" አልኩት፣ "እግርህን ሰብሰብ አድርግልኝ፣ ሻይ እንዳይደፋብህ።"

ወንድሜ አልኩት እትዬ። ያማጥኩትን ልጅ።

ትንሽ አየኝ። ከዚያ እግሩን ሰበሰበ። "እሺ እማማ" አለ፣ ቢሮው ሁሉ እንደሚለኝ።

ሒሳብ ሹሟ ደግሞ ዝም አትልም። "የእኛ እማማ ልጅም እኮ እንዳንተ ከመብራት ጋር ነው የሚሠራው" አለችው። "እሱ ግን ተምሯል፣ ኢንጂነር ነው። ወንበር ላይ ነው የሚውለው፣ ሹፌር ያለው መኪና አለው። አንተም ገና ልጅ ነህ፣ ብትማር ይህን ከመሰለ አቧራ ትወጣለህ።" እሱ ተመልሶ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ ነበር። ከዚያው ሆኖ "እናቱ ታድላለች" አለ። "እኔ ግን ወንበር ላይ ስቀመጥ ወገቤን ያመኛል።" ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ማታ ቤት ሲመጣ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ፣ ማዕዱ ጋ ተቀመጠና "ኢንጂነሩ ልጅሽ ዛሬ አይመጣም እንዴ?" አለኝ። "ራቱ ሊቀዘቅዝበት ነው። ሹፌሩ መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል።" ይህን ሲለኝ እንባዬ መጣ። ሲያየኝ ሳቁን ተወና ትከሻዬን ያዘኝ። "እማ፣ ተይው። እዚያ ያለሽው አንቺ ነሽ። እኔ ወር ሠርቼ የምሄድ እንግዳ ነኝ። በእኔ የተነሳ ዓይንሽን እንድትሰብሪ አልፈልግም" አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቢቆጣኝ በማግስቱ እናገር ነበር።

ከዚያ በኋላ አብረን ከቤት እንወጣለን፣ መታጠፊያው ላይ እሱ ይቀድማል፣ እኔ ዘግየት ብዬ እከተላለሁ። ከመታጠፉ በፊት ዞር ብሎ እጁን ያነሳልኛል። ከዚያ ወዲያ አንተዋወቅም። በየጠዋቱ ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ። በየጠዋቱ ሒሳብ ሹሟ "ኢንጂነሩ ደህና ነው?" ትላለች። "ደህና ነው" እላለሁ። እሱ እዚያው፣ እግሬ ሥር፣ ብሎን ያጠብቃል።

ማታ ማታ ሥራውን ያጫውተኝ ነበር። ሁለት ማንኪያ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስተኛና "ይቺ የመብራቱ ቱቦ ናት፣ ይቺ ደግሞ የኮምፒውተሩ ወሬ የሚሄድባት" ይለኛል። "ሁለቱን አንድ ቱቦ ውስጥ አታስገቢያቸውም። መብራቱ ጯሂ ነው፣ ወሬውን ይረብሸዋል።" እያንዳንዱ ጠረጴዛ ሥር ትርፍ ገመድ ጠምዝዞ እንደሚተው ነገረኝ፤ ነገ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን ወዲህ ግፉት ቢል ሰዎቹ እንዳይቸገሩ። በሥራው ይኮራ ነበር እትዬ። ማንኪያዎቹን እያነሳሁ እሰማዋለሁ፤ ቀን ግን አላውቀውም።

የሻይ ክፍሌ ሶኬት ከወለሉ ጋር የተጣበቀ ነበር። የሻይ ማፍያውን ልሰካ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ወገቤን ይይዘኛል፤ ቤት ስገባ አቃስታለሁ። አንድ ቀን ብገባ ሶኬቱ ወገቤ ልክ ላይ ወጥቷል። ሥራ አስኪያጁ አይቶ "ይሄ ፕላኑ ላይ አለ እንዴ?" ሲለው "ገመድ ተርፎ ነው ጌታዬ" አለው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። አንድ ከሰዓት ትሪዬን ይዤ ስገባ ሒሳብ ሹሟ በዚያ በሚያምር ልብሷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላለች። እሱ ጠረጴዛዋ ሥር ያለውን ሳጥን እየገጠመ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራታል። ስገባ ሁለቱም ዝም አሉ። ዓይኗ ቀልቷል። "አቧራው ነው እማማ" አለችኝና ተነሳች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ኢንጂነሩ ልጄ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ወሬው ሰልችቷት ነው ብዬ፣ ተገላገልኩ ብዬ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ልጄ የሚሠራበት ድርጅት ፒካፕ የገመድ ጥቅል ጭኖ ሌላ ቦታ ሥራ ሲሄድ ተገለበጠ። አለቃቸው፣ ፎርማኑ፣ ተጎድቶ ሆስፒታል ገባ። ልጄ አልተረፈም። አንቺ ከአልጋ መነሳት አቅቶሽ ልጅሽን ላክሽልኝ፤ ልጅሽም ወንድሙን እንደሚሸከም ሆኖ ተሸከመልኝ። ውለታውን አልረሳም። ይህን ያህል ያወቅሽው ነው። የማታውቂው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት መካከል አብሮት የሚሠራ ልጅ ነበር። ከቁመቱ የተነሳ ረጅሙ ነው የሚሉት፤ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ ሁለት ቦታ ይታጠፋል እያለ ልጄ ያስቀኝ ነበር። ረጅሙ ቤታችንን አያውቀውም ነበር። በር ላይ ሲያየኝ ደርቆ ቀረ። "እማማ? እርስዎ ነዎት እንዴ እናቱ?" አለኝ። በእጅጌው ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኩት። ልጄ አፈር ከገባ ገና ግማሽ ቀን አልሞላውም። ለዚያ ልጅ ምን ያልኩት ይመስልሻል? "ለቢሮ ሰዎች እንዳትነግራቸው" አልኩት። ወደ መሬት እያየ "እሺ" አለኝ። ውሃ ስሰጠው አልጠጣም፤ ሄደ።

ከለቅሶው በኋላ ሥራ የተመለስኩ ቀን ሒሳብ ሹሟ ሻይ ክፍሌ ድረስ መጣች። ቀስ ብላ "ማን ነው የሞተብዎት እማማ?" አለችኝ።

እትዬ፣ እዚህ ጋ ቆም በዪ። መነጽርሽን አስተካክዪ።

"የእህቴ ልጅ" አልኳት።

ያንቺን ልጅ። የልጄን ሬሳ የተሸከመልኝን ልጅ። በሕይወት ያለውን አንዱን ልጅሽን፣ የእኔን ላለመጥራት ብዬ፣ በአፌ ቀበርኩት። እሷ ቀጥላ "ለእናቱ ብቸኛ ነበር?" ስትለኝ "አዎ፣ አንድ ነበር" አልኳት። እጄን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኔን ዓይኔን እያየች "እናቱን ያጽናት" አለች። "እናቱን ያጽናት እማማ።" ደግማ ነው ያለችው። አሜን አልኩላት። ለማን እንዳልኩ አላውቅም።

ያን ሳምንት ቢሮው እንግዳ ሆነብኝ። ሻይ አምጪልን የሚለኝ ጠፋ። ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ እየመጣ፣ ራሱ ቀድቶ፣ ራሱ አጥቦ ይመልሳል። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር እጅጌውን ሰብስቦ አጠበ፤ ሳሙናውን በደንብ አላጠራውም፣ ደግሜ አጠብኩለት። ስለ ሞተው ሠራተኛ አዝነው ነው ብዬ አሰብኩ። ከድርጅቱ ተደውሎ ሰምተዋል፤ "ያ ተጫዋች ልጅ" እያሉ ሲያነሱት በሩ ጋ ቆሜ እሰማ ነበር። እኔ ስገባ ግን ይተዉታል።

በመስኮቱ በኩል ያለው የመጨረሻ ረድፍ ሥራው አላለቀም ነበር። ቱቦው ተቀብሮ ወለሉ ተዘግቷል፣ ገመድ ግን አልገባበትም። ወለሉ ላይ ካሉት ሳጥኖች ነጭ ሲባጎ ብቅ ብቅ ብሏል። ስወለውል ሲባጎው መወልወያዬን ይይዘዋል፤ ቆሽሿል። ግንበኛ የተወው ውዳቂ መሰለኝ። ደግሞ፣ ልጄ መጨረሻ የሠራበት ቦታ ስለሆነ፣ ከሌላው ሁሉ የበለጠ እንዲጠራ ፈለግሁ። ያዝኩና ሳብኩት። መጣ። አያልቅም፤ እየሳብኩት ይመጣል። ከአንዱ ሳጥን ጨርሼ ወደሌላው ሄድኩ። ሁሉንም አወጣሁና እጄ ላይ ጠቅልዬ ከቆሻሻው ጋር ጣልኩት። ቦታውን አጥርቼለት ሄድኩ ብዬ ልቤ ትንሽ ቀለል አለ።

በሌላ ሳምንት ሥራውን ሊጨርሱ መጡ። የድሮው ፎርማን ሆስፒታል ስለተኛ አዲስ ፎርማን ነው የተላከው፣ አጭር፣ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው። ረጅሙም አብሮ መጥቷል። እኔን ሲያይ ሰላም አለኝና ዓይኑን ወደሌላ አዞረ። ተንበርክኮ የመጀመሪያውን ሳጥን ከፈተ። ጣቱን አስገባ። ሁለተኛውን ከፈተ። "ሲባጎው የለም" አለ።

እኔ ያኔ አልገባኝም። ኋላ ነው ያስረዱኝ። ቱቦውን ሲቀብሩ፣ ወለሉ ከመዘጋቱ በፊት፣ ውስጡ ሲባጎ ያሳልፋሉ። ገመድ የሚያስገባው ሰው ሲመጣ ገመዱን በአንዱ ጫፍ ያስርና ከወዲያ በኩል ይስበዋል። ሲባጎ ከሌለ ወፍራሙ ገመድ በቱቦው መታጠፊያ አይሄድም። ልጄ ሁሉንም አሳልፌያለሁ፣ የቀረው መሳብ ብቻ ነው ብሎ አስታውቆ ነበር።

ፎርማኑ አዳራሹ መሃል ቆሞ ጮኸ። "አሳልፌያለሁ ብሎ ነበር አሉኝ! ሙት መውቀስ አልወድም እንጂ ይሄ ልጅ ውሸታም ነበር። ሰነፍና ውሸታም! አሁን ይሄ ወለል እንደገና ሊፈረስ ነው" አለ። ረጅሙ ተነስቶ "ጌታዬ፣ አብሬው ነበርኩ። ሲያሳልፍ በዓይኔ አይቻለሁ" አለው። ፎርማኑ "በዓይንህ ካየህ በጣትህ አሳየኛ!" አለው። ረጅሙ ጣቱን መልሶ ባዶው ሳጥን ውስጥ ከተተ። ግድግዳ የለም እትዬ፣ ያ ሁሉ ሰው ሰማው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ላይ አቀረቀረ። ሒሳብ ሹሟ ከወንበሯ ግማሽ ተነስታ እኔን አየችኝ።

እኔ ትሪዬን ይዤ ቆሜያለሁ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበረው ውሸታም አንድ ነው፣ እሱም የሞተው አልነበረም። ልጄን በሕይወቱ ወንድሜ ብዬዋለሁ፣ ሲሞት ያንቺ አድርጌዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ስሙ በእኔ እጅ ሲቆሽሽ ቆሜ ሻይ ላድል ነው።

ትሪውን ሒሳብ ሹሟ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። "ሲባጎውን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ውዳቂ መስሎኝ ነው።"

ፎርማኑ ዞረ። "እርስዎ? ከሁሉም ቱቦ?" አለኝ። "ከሁሉም። ረጅም ነበር። ጠቅልዬ ጣልኩት" አልኩት። ግንባሩን በመዳፉ መታ። "ኧረ እማማ፣ ምነው አንድ ሰው ቢጠይቁ!" አለ። ሥራ አስኪያጁ ቀልጠፍ ብሎ "በቃ፣ ስህተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል" ማለት ጀመረ። የልጄ ስም ከእድፉ ጠራ። ትሪዬን አንስቼ ብወጣ ያልቅ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ እጄን ወደ ትሪው ዘርግቼም ነበር።

ያ ፎርማን ግን፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ ረጅሙ ዞሮ "እንግዲህ ልጁን በከንቱ አማሁት" አለ። "እናት ካለችው ይቅር ትበለኝ።"

"አለችው" አልኩ። ድምፄን ራሴ አላወቅሁትም። "እኔ ነኝ። ልጄ ነው። ኢንጂነር የሚባል ልጅ የለኝም፣ የእህቴም ልጅ አልሞተም። ገመድ የሚዘረጋው ነው ልጄ።"

ፎርማኑ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከእሱ በቀር ግን የደነገጠ ሰው አላየሁም እትዬ። "ያ ልጅ የእርስዎ ነው?" ያለኝ የለም። ስለ ኢንጂነሩ፣ ስለ መኪናው፣ ስለ ሹፌሩ የጠየቀኝ የለም። ወንበሩ ከየረድፉ እየተንቋቋ ሁሉም ተነስቶ ቆመ። ሒሳብ ሹሟ የራሷን ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፣ ራሷ ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብላ ጉልበቴን ያዘች። "ቆዩብን እኮ እማማ" አለችኝ። ያን ከሰዓት ጠረጴዛዋ ሥር ልጄ ምን እንደነገራት አልጠየቅኋትም። ያን አነጋገሯን እስከዛሬ ቤት ስገባ አወጣዋለሁ፣ አወርደዋለሁ።

ወለሉ አልፈረሰም። ረጅሙ ከሳጥን ሳጥን የብረት ሽቦ እየገፋ፣ መታጠፊያው ጋ ሲይዝበት እየመለሰ፣ ቀኑን ሙሉ ደክሞ አሳለፈው። ሲበቃው ላቡን እየጠረገ "እማማ፣ ከወዲያ በኩል ይሳቡልኝ፤ ግን ቀስ ብለው፣ እንደ ባለፈው አይሁን" አለኝ። ሳቅሁ፤ ልጄ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ተንበርክኬ ሳብኩለት። ወለሉ ጉልበት ይጎዳል እትዬ፣ በእውነት ይጎዳል።

አሁን አልፎልኝ ነው የምጽፍልሽ እንዳይመስልሽ። ሀፍረቱ አልለቀቀኝም። ቢሮ ሰዎቹ ሲያከብሩኝ ይብስብኛል። ልጄ ቢቆጣኝ ኖሮ እላለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ በሰው ፊት "እማ" ብሎ ቢያጋልጠኝ ኖሮ። አላደረገውም። ትናገር ይሆናል ብሎ የጠበቀኝ ይመስለኛል፤ እኔም ነገ እያልኩ አቆየሁት።

ልጅሽን ግን በአፌ ያደረግሁበትን ራሴ መጥቼ ልነግረው እፈልጋለሁ። እግሩ ላይ ወድቄ ይቅር በለኝ ልለው። እስከዚያ ድረስ አትንገሪው። ወይም ይወቅ ካልሽ ንገሪው፣ አንቺ ታላቄ ነሽ፣ እንዳልሽ። ይቅር ካላልሽኝም አልፈርድብሽም። ብቻ ጉልበትሽ ሲሻልሽ አንድ ቃል ላኪልኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽን ይስጥልኝ። ቤትሽን ይሙላልሽ፣ ደጅሽን ይጠብቅልሽ። ምራትሽን በደህና ያገላግልልሽ። ከዚህ የሚበልጥ ምርቃት አላውቅምና፣ ልጅሽ ይቅበርሽ እትዬ። ለእኔ ያልሆነውን ለአንቺ ያድርግልሽ።

ታናሽ እህትሽ፣
የገመድ ዘርጊው እናት